ስሙ ሲጠራ የማይዞር ሕፃን
በልጆች ላይ ስለሚታየው ኦቲዝም ለሕዝብ የተደረገ ንግግር



ስለ ኦቲዝም እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ አስቀድሞ በዓይነ ኅሊናዬ የታየኝ የሊቃውንት መጽሐፍ ሳይሆን አንድ ረከቦት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ከአንድ ዘመዴ ቤት ለቡና ተጠርቼ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው የቤቱ ልጅ ከጓዳ ብቅ ብሎ፣ በመካከል ማንም እንደሌለ ሁሉ ጉልበታችንን እየገፋ አለፈና፣ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ፣ በእያንዳንዱ ላይ የተሣለውን አበባ ወደ በሩ እያዞረ፣ በምንጣፉ ጠርዝ ላይ አስተካክሎ ደረደራቸው። አክስቱ ቡናው ሳይቀዳ እንዳይቀዘቅዝባት ቸኩላ አንዲቱን ሲኒ ብታነሣበት ቤቱን በጩኸት አናወጠው፤ ሲኒዋ ወደ ቦታዋ በተመለሰች ጊዜ ደግሞ ጩኸቱ በቅጽበት ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ የስኳሩን ዕቃ ክዳን አገኘና በወለሉ ላይ እያሾረ፣ ጉንጩን ከመሬት አስጠግቶ ሽክርክሪቱን ይመለከት ጀመር። እናቱ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራችው፤ አልዞረም። ከጓዳ ውስጥ የብስኩት ወረቀት ኮሽ ሲል ግን ወዲያው ቀና አለ።

እናቲቱም ወደ እኔ መለስ ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ስንቱን ልጅ ያስተማሩ ነዎት፤ ይህ ልጅ እስካሁን አፉን አልፈታም፤ ምን ይመስልዎታል?» አለችኝ። እኔም ዐዋቂ መስዬ፣ «ወንድ ልጅ አይደለም ወይ? አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው፤ ምን ያስቸኩልሻል» ብዬ መለስሁላት። ያቺ መልሴ ልጁን ከሁለት ዓመት የበለጠ ጊዜ አስከፍላዋለች። ሐኪም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን በመምህርነት የፈጸምሁ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሐኪሞች የጻፉትን ሳነብብና ወላጆች የሚያወሩትን ሳዳምጥ ስለ ኖርሁ፣ ዛሬ ከፊታችሁ የቆምሁት ያቺን መልስ እንደገና ለመመለስ ነው።

«ኦቲዝም» የሚለው ቃል ከጽርዕ የተገኘ ሲሆን ሥሩ «ራስ» ማለት ነው። ቃሉን በ1910 ገደማ ያወጡት የስዊስ አገር የአእምሮ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ሲሆኑ፣ የሰጡትም ለሌላ ደዌ ምልክት ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የምጠራ መሆኔን አድማጮች ይወቁልኝ፤ ወደ እኛው መመለሱ ለማንም አያቅትም።) ዛሬ በዚህ ስም የምንጠራውን የሕፃናት ጠባይ ግን በ1926 ግሩንያ ሱኻሬቫ የተባሉ የሞስኮ ሐኪም በስድስት ወንዶች ልጆች ላይ አይተው በዝርዝር ጽፈውት ሳለ፣ ጽሑፋቸውን ያነበበው ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ነገሩን ዓለም የሰማው ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ከአሜሪካ ነው። በ1943 በባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሊዮ ካነር፣ ስለ ስምንት ወንዶችና ስለ ሦስት ሴቶች ልጆች፣ በድምሩ ስለ አሥራ አንድ ሕፃናት የሚናገር አንድ ጽሑፍ አወጡ፤ የዚህ ትምህርት ጥንተ ነገሩ ይኸው ጽሑፍ ሆኖ ቀረ።

ከአሥራ አንዱ የመጀመሪያው በሚሲሲፒ ግዛት፣ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደው ዶናልድ ትሪፕሌት ነው። አባቱ ሕግ ዐዋቂ ነበሩና ልጃቸውን በ1938 ወደ ካነር ከማምጣታቸው በፊት ስለ ጠባዩ 33 ገጽ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በእኛ ዳዊት 22ኛ፣ በእነርሱ 23ኛ የሆነውን መዝሙር በቃሉ ይደግም፣ የቤተ ክርስቲያናቸውንም ትምህርተ ሃይማኖት 25 ጥያቄ ከነመልሱ ይወጣው ነበር። በእኛ አገር ቢሆን የቆሎ ተማሪ ሳይሆን መሪጌታ ሆኖ ተወለደ ይባልለት ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ዳዊት ደጋሚ ሕፃን አባቱ ከሥራ ሲመለሱ ቀና ብሎ አያያቸውም፤ እናቱ ብትመጣም ብትሄድም ግድ የለውም፤ ደስታው ብቻውን ሲሆን፣ ድስትና ክዳን ሲያሾር ነበር።

ስለ ዶናልድ ከተጻፈው ሁሉ እኔን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ስለ «አዎን» የተነገረው ነው። አባቱ «አዎን» ማለትን ሊያስተምሩት ፈልገው፣ «አዎን ካልህ በትከሻዬ እሸከምሃለሁ» አሉት። ልጁም ቃሉን ተማረ፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «አዎን» ለእርሱ መስማማት መሆኑ ቀርቶ «በትከሻህ ተሸከመኝ» ማለት ሆነ፤ ቃሉን ከአባቱ ትከሻ ለማውረድ ብዙ ወራት ፈጀ። ቃልን ተማረ፣ ቃል በሰውና በሰው መካከል የሚሠራውን ሥራ ግን አልተማረም። ስለ ኦቲዝም የሚነገረው ትምህርት አብዛኛው ከዚህች አንዲት ነገር ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ ምልክቶቹን እንመልከት። ሐኪሞች ዛሬ በሁለት ወገን ይከፍሏቸዋል፤ አንደኛው ከሰው ጋር በመገናኘትና በመግባባት ላይ የሚታየው ጉድለት፣ ሁለተኛው ተደጋጋሚና ጠባብ የሆነው ጠባይ ነው። የደምም ሆነ የራጅ ምርመራ የሚገልጠው ነገር አይደለም፤ የሚታወቀው ልጁን በማየት፣ ወላጆችንም በመጠየቅ ብቻ ነው። ስለዚህ የማየት ጥበብ እዚህ ላይ ዋናው መሣሪያ ነው።

ጤናማ ሕፃን ገና ቃል ሳያወጣ ብዙ ይናገራል። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ስሙ ሲጠራ ይዞራል፤ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥም ወፍ ሲበር ቢያይ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ ከዚያ ወደ እናቱ ፊት ተመልሶ፣ እርስዋም ማየትዋን ያረጋግጣል። ይህች ጣት ውኃ ወይም ዳቦ አትለምንም፤ የምትለው «እኔ ያየሁትን አንቺም እዪልኝ» ነው። ኦቲዝም ባለበት ሕፃን ዘንድ የምትጎድለው ወይም የምትዘገየው ይህች ጣት ናት። እርሱ አንድ ነገር ሲፈልግ የእናቱን እጅ አንጓዋን ይዞ፣ ፊትዋን ሳያይ፣ ወደ ማቀዝቀዣው ወይም ወደ በሩ እጀታ ይወስደዋል፤ ማንኪያን እንደምናነሣ እጅን ያነሣል።

በእኛ አገር ግን እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ምልክቶቹን የጻፉት ልጅ የታላቁን ዓይን እያየ እንዲናገር በሚያስተምሩ አገሮች የሚኖሩ ሐኪሞች ናቸው፤ እኛ ደግሞ ታላቁን አፍጥጦ የሚያይ ልጅ ዓይን አውጣ፣ አንገቱን የደፋውን ጨዋ ብለን አሳድገናል። ስለዚህ ሰውን ቀና ብሎ የማያይ፣ ብቻውን በጥግ የሚጫወት፣ እንግዳ የማያስቸግር ሕፃን ስናይ እናቲቱን «ታድለሽ! እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» እንላታለን፤ ምልክቱን አይተን ሳለ በምስጋና እንሸፍነዋለን። ልዩነቱ የሚታወቀው አክባሪው ልጅ ሰረቅ አድርጎ በማየቱ ነው። እናቱ ስትስቅ ይስቃል፣ አባቱ ሲቆጣ ፊቱን ያነባል፤ ያኛው ግን የማያየው አፍሮ አይደለም፤ ፊት ለእርሱ የሚነበብ ጽሑፍ ስላልሆነ ነው።

ንግግሩም የራሱ ጠባይ አለው። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ፈጽሞ አይናገሩም፤ ሌሎቹ ዘግይተው ይናገራሉ፤ ጥቂቶቹም እንደ መጽሐፍ ይናገራሉ። የተነገራቸውን መልሶ መናገር፣ ማለት የገደል ማሚቶ መሆን፣ ከታወቁት ምልክቶች አንዱ ነው። እናቱ «ውኃ ትፈልጋለህ?» እያለች ስትጠይቀው የኖረ ልጅ ሲጠማው «ውኃ ትፈልጋለህ» ይላል፤ «እፈልጋለሁ» አይልም። በአማርኛ ግሥ ውስጥ ተናጋሪውም ሰሚውም፣ ወንዱም ሴቱም፣ ታላቁም ታናሹም በአንዲት ፊደል ስለሚለዋወጡ፣ ማን ለማን እንደሚናገር ልብ የማይል ሕፃን ሲስት ወዲያው ይሰማል። «እንደምን አደርህ?» ሲሉት «እንደምን አደርህ» ብሎ የሚመልሰውን ልጅ ቀልደኛ ነው ብለን የሳቅንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ቋንቋውን ከለመደም በኋላ ነገርን ቃል በቃል ይይዛል። እኛ ሰምና ወርቅን የምናደንቅ ሕዝብ ነን፤ ወርቁ ያመለጠውን ሰው ሞኝ እንለዋለን። እርሱ ግን ሰሙን በጥንቃቄ ይይዛል፤ ወርቅ መኖሩን የሚነግረው የለም። «ጆሮህን ስጠኝ» ብላ የጀመረች መምህርት አንድ ተማሪ በሁለት እጁ ጆሮውን ይዞ ሲቀርባት ማየትዋን አጫውታኛለች። በዚያ ሰዓት ልጁ አልቀለደባትም፤ ታዘዛት እንጂ።

ሁለተኛው ወገን ረከቦቱ ላይ ያየነው ነው። ነገርን መደርደር፣ ማሾር፣ እጅን እንደ ክንፍ ማራገብ፣ በእግር ጣት መሄድ፣ መወዛወዝ፤ መንገድ ሲለወጥ፣ ታክሲው በሌላ ሰፈር ሲዞር፣ እንጀራው በሌላ ሳህን ሲቀርብ መሸበር። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ቅብጠት ይመስለዋል፤ ዓለም ሁልጊዜ ሳታስጠነቅቅ በምትለዋወጥበት ሰው ዘንድ ግን ያልተለወጠች አንዲት ሲኒ ምርኩዝ ናት። ከዚህ ጋር የስሜት ሕዋሳት ነገር አለ። የፀጉር መቁረጫው መኪና ድምፅ እንደ ነጎድጓድ የሚሰማው፣ የሹራብ አንገት እንደ እሾህ የሚወጋው፣ ወጥ የነካውን እንጀራ ፈጽሞ የማይቀምስ ልጅ አለ፤ በአንጻሩ ወድቆ ጉልበቱ ሲደማ የማያለቅስ አለ። ከሕፃናቱ መካከል ጥቂት የማይባሉት ደግሞ እስከ ዓመት ከመንፈቅ ወይም እስከ ሁለት ዓመት «እማ»፣ «ባባ» ሲሉ ቆይተው ያገኙትን ቃል ያጣሉ፤ ወላጅን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ የተሰጠው ተመልሶ የተወሰደ ይመስለዋልና።

ስለ ልዩ ተሰጥዎ ብዙ ይወራል። ካህናት በባሕረ ሐሳብ ደክመው የሚያወጡትን ዕለት በቅጽበት የሚናገር፣ የመኪና ታርጋ ሁሉ በቃሉ የሚይዝ ልጅ በእውነት አለ፤ ግን ጥቂት ነው፤ ተሰጥዎ የሌለውን ልጅ ወላጅ «የእናንተስ በምን ይደነቃል?» ብሎ መጠየቅ ጭካኔ ነው። በ2025 የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ባወጣው መግለጫ ኦቲዝም ካለባቸውና የአእምሮ ችሎታቸው ከተመዘነ ልጆች ከአሥሩ አራት ያህሉ የአእምሮ ዕድገት ዝግመት ያለባቸው ሲሆኑ፣ ከቀሩት አንዳንዶቹ ከመካከለኛው ጥቂት ዝቅ ያለ፣ ሌሎቹ መካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ችሎታ ያላቸው ናቸው። የሚጥል በሽታም ከሌሎች ሕፃናት ይልቅ በእነዚህ ላይ ይበዛል፤ እንቅልፍ ማጣትና የሆድ ችግርም እንዲሁ።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚደነግጥ ጥቂት ልቆይበት።

በ1966 ቪክቶር ሎተር የተባሉ ሊቅ በእንግሊዝ አገር በሚድልሴክስ አውራጃ ከ8 እስከ 10 ዓመት ያሉትን ልጆች መርምረው ከ10,000 ልጆች 4.5 ያህል ኦቲዝም እንዳለባቸው አገኙ። በአሜሪካ በ2000 የስምንት ዓመት ልጆች ሲቆጠሩ ከ150 አንድ ሆኑ፤ በ2022 በተደረገው ቆጠራ ከ31 አንድ ሆኑ፤ ወንዶቹም ከሴቶቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት ስለ ዓለም ሁሉ ሲገምት በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ያለበት ነው ይላል። እነዚህን ቁጥሮች በጋዜጣ ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አዲስ መቅሠፍት የወረደ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ነገር ግን ቁጥር የሕፃናቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን የሚያያቸውንም ዓይን ጭምር ይቆጥራል። ሎተር የፈለጉት የካነርን ሕፃን የሚመስለውን፣ ምልክቱ ከሩቅ የሚታየውን ልጅ ነበር። በ1979 ሎርና ዊንግና ጁዲት ጉልድ በለንደን በካምበርዌል ሰፈር ባደረጉት ምርመራ፣ የካነርን መልክ በሙሉ ሳይይዙ የማኅበራዊ ግንኙነቱ ጉድለት ያለባቸው ልጆች እጅግ ብዙ እንደሆኑ አሳዩ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ አንድ መልክ ሳይሆን እንደ ቀስተ ደመና ኅብረ ቀለም እየደበዘዘና እየደመቀ የሚሄድ መሆኑ ታወቀ። አሜሪካውያን ሐኪሞች የሚመሩበት መጽሐፍ በ1980፣ በ1994 እና በ2013 መስፈርቱን ሲለዋውጥ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚቆጠረው ልጅ ተለወጠ። አስቀድሞ በሐንስ አስፐርገር ስም ይጠራ የነበረውም ወገን በ2013 በዚሁ በአንዱ ስም ተጠቃለለ፤ የቪየናው ሐኪም በናዚዎች ዘመን ሕፃናትን ወደ ሞት ቤት በመላክ ተካፋይ እንደነበሩ በ2018 ከተገለጠ ወዲህ ስማቸው ባይነሣ የሚያዝንላቸው ብዙ ሰው የለም። የዴንማርክን መዝገብ የመረመሩ ሰዎች ደግሞ በ1980ዎቹ በተወለዱ ልጆች ላይ ከታየው ዕድገት 60 በመቶ ያህሉ የመስፈርቱና የአመዘጋገቡ መለወጥ ያመጣው እንደሆነ በ2015 አስረድተዋል። የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው አልልም፤ ወላጆች በዕድሜ ገፍተው መውለዳቸው፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሕክምና ብርታት መትረፋቸው ድርሻ አላቸው። አብዛኛው ግን ድሮም በመካከላችን የነበረ ሰው ነው።

ለዚህም ወደ እኛ የሚጠጋ ምስክር አለ። በ2004 በእስራኤል አገር መዝገብ ተገልብጦ ሲታይ፣ በዚያው ከተወለዱት የኢትዮጵያውያን ልጆች መካከል ኦቲዝም ያለባቸው ተገኙ፤ በኢትዮጵያ ተወልደው ከገቡት ልጆች መካከል ግን አንድም አልተመዘገበም። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲያስ በሽታው የፈረንጅ ነው፤ የእኛ አገር አየር አያውቀውም» ይላል። ስለ ትርጕሙ ሊቃውንት ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ እኔ ግን መዝገብ የሚያውቀው ሐኪም የጻፈውን ብቻ መሆኑን አልረሳም። በሚኒያፖሊስ ከተማም የሶማሌ ወላጆች ልጆቻችን ከሌላው ይልቅ ተጎዱ ብለው ቢጮኹ በ2013 ጥናት ወጣ፤ ከሶማሌ ልጆች ከ32 አንዱ፣ ከነጮቹ ከ36 አንዱ ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም እጅግም የማይለያይ ነው። በእኛ አገር ሀገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም። ስለዚህ «በኢትዮጵያ ጥቂት ነው» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ መዝገቡ ነው።

መንስኤውን በሚመለከት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የከሰሰው እናትን ነው፤ በዚህ ፈረንጅም ሐበሻም አንድ ነው። በአሜሪካ ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባወጡት መጽሐፍ ልጁ በራሱ ውስጥ የተደበቀው እናቱ ፍቅር ስለ ነሣችው ነው ብለው አስተማሩ፤ ስንት እናት በዚህ ትምህርት ልብዋ ተሰብሮ ኖረ። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 ጥንድ መንታዎችን መርምረው፣ ከአንድ ዘር ፍሬ ከተከፈሉት 11 ጥንዶች በአራቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ሲኖርባቸው፣ ከተለያየ ዘር ፍሬ ከሆኑት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም እንዳልሆነ አሳዩ። አንድ ቤት፣ አንዲት እናት፣ አንድ ጡት ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የዘር ውርስ ነበር፤ የእናት ክስ በዚህ ወደቀ። ዛሬ እንደሚታወቀውም ታላቁ ልጅ ኦቲዝም ካለበት ከሚወለዱት ታናናሾች ከአምስቱ አንዱ ይኖርበታል፤ ይህን የሚያውቁ ወላጆች ታናሹን ቀደም ብለው ይመለከቱታል።

ሁለተኛው ተከሳሽ ክትባት ነው። በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በ12 ልጆች ላይ ተመሥርተው የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያነካካ ጽሑፍ አወጡ፤ ጽሑፉን ያወጣው መጽሔት በ2010 ሰረዘው፤ እርሳቸውም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቁ። በዴንማርክ በ2019 የ657,461 ልጆች መዝገብ ተመርምሮ የተከተበውና ያልተከተበው ልጅ ልዩነት እንደሌላቸው ታየ። የሐሰት ወሬ ግን ከእርማቱ ይልቅ ፈጣን ስለ ሆነ፣ በሚኒሶታ የሶማሌ ወላጆች ክትባቱን ፈርተው በመተዋቸው በ2017 ከ70 በላይ ሰው በኩፍኝ ታመመ፤ አብዛኞቹም ሕፃናት ነበሩ። በአገራችንም ይህ ወሬ በስልክ ይዞራልና ከጓሮ በር እንዳይገባ መጠበቅ ይገባል።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ክሱ ሌላ ስም አለው፤ የቡዳ ዓይን፣ የዛር ልክፍት፣ የአባት እርግማን፣ የእናት ኃጢአት ይባላል። ጸበል የሚወስዱትን ወላጆች ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ እኔም ራሴ እጠመቃለሁ፤ የእምነት ቤት ለደከመች እናት የምታለቅስበት ብቸኛው ቦታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ልጁን ማሰርና መምታት አይገባም፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅም ጸበል ገብቷል ተብሎ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥበት፤ ድንገት ማቋረጥ ነፍስ ያጠፋልና።

እርግማን ነው የሚለው ቃል ትልቁ ጉዳቱ በር መዝጋቱ ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ወደ ጓዳ ይገባል፤ እናቲቱ ዕድር መሄድ ትተዋለች፤ ባል ይርቃል፤ ትምህርት ቤት «አንችለውም» ብሎ ይመልሳል። ይህን በር ካንኳኩት ሰዎች አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበትና በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ በአደባባይ ቆመው «ልጄ ነው» ማለታቸው ብቻውን ለብዙ እናት አፍ መፍቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ተከተለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ ልጆች ዕድገት ችግር የሚማሩበት ትምህርት ተዘጋጅቷል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠናም በአገራችን ተሞክሯል። ከሚያስፈልገው አንጻር ይህ ሁሉ ጠብታ ነው፤ ተራ የሚጠብቀው ልጅ በማዕከሎቹ ካለው እጅግ ይበልጣል።

ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ አለኝ የሚል ሰው ገንዘብ ፈልጎ ነው። የሚረዳው ትምህርት ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ይበጃል። ቃል የሌለው ልጅ በሥዕል እንዲጠይቅ ማስተማር፣ የቀኑን ሥራ በቅደም ተከተል በሥዕል ማሳየት፣ ቃልን አሳጥሮ መናገር፣ የሚወድደውን ነገር መግቢያ በር ማድረግ። ሲኒ የሚደረድር ልጅ በሲኒው ቁጥር ይማራል። የዶናልድ ትሪፕሌት ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ልጁን በአንድ እርሻ የሚኖሩ ባልና ሚስት ተቀብለው አኖሩት፤ ገበሬው ልጁ ቁጥር መውደዱን አይተው፣ መቁጠሩን ተው ከማለት ይልቅ እያረሰ የበቆሎውን ተርታ እንዲቆጥር፣ የጉድጓዱን ጥልቀት እንዲለካ ሰጡት። እኒያ ገበሬ የሥነ ልቡና ሊቅ አልነበሩም፤ እኔ ግን ካወቅኋቸው መምህራን ከብዙዎቹ አስበልጣቸዋለሁ። ዶናልድ ኮሌጅ ጨረሰ፤ በከተማው ባንክ ሠራ፤ በ27 ዓመቱ መኪና መንዳት ተማረ፤ ጎልፍ ተጫወተ፤ ብዙ አገር ዞረ፤ በ2023 በ89 ዓመቱ እዚያው በከተማው፣ ስሙን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ዐረፈ። ልጅ ሁሉ እንደ እርሱ አይሆንም፤ ባለ ጸጋ ቤተ ሰብ ነበረው። ጎረቤቱ ግን አልሸሸገውም፤ ይህ ባለጠግነት አይጠይቅም።

የእኔ ዘመድ ልጅ አሁን ጎልማሳ ነው። ጥቂት ቃል አለው፤ ማንበብ ይችላል፤ የቤቱን ሲኒ የሚያጥበውና በመደርደሪያው የሚያስቀምጠው እርሱ ነው፤ አበባው ሁሉ ወደ በሩ ነው። በዚያን ቀን ዐውቄ ቢሆን ኖሮ ለእናቱ የምነግራት ይህ ነበር፤ ልጅ በዓመቱ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ በዓመት ከመንፈቁ በጣቱ ካላሳየ፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ካላገጣጠመ፣ ወይም የነበረውን ቃል ካጣ፣ ወንድ ነው፣ የበኵር ነው፣ አባቱም እንዲሁ ነበር ሳይባል፣ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር፤ ቀጥሎ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይወሰድ፤ ሐኪሙም «ጠብቂ» ቢልሽ ሌላ ሐኪም ጠይቂ።

ለእናንተ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በሰፈራችሁ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ እንዳለ የማታውቁ ጥቂቶች ናችሁ። እናቲቱን ለቡና ስትጠሩ ልጅዋን ይዛ እንድትመጣ ንገሯት፤ ሲኒውን ቢደረድር ተዉት፤ ቡናው በሌላ ሲኒ ይቀዳል።